ጥምቀትን ጎንደር ለማክበር ዘግይተው ለተነሱ፦ ከአልጋ እስከ መመለሻ ትኬት

ጥምቀት ሊገባ ሳምንት ወይም አሥር ቀን ሲቀረው «ዘንድሮስ ጎንደር ነው!» ብሎ የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ትኬት ይቆርጣል፤ አልጋ ፍለጋ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። በሌላው ወቅት ይህ ችግር የለውም። በጥር ግን ቀድሞ የሚያልቀው አልጋ ነው። መቀመጫ በጎንደር በረራ ቢጠፋ በባሕር ዳር በኩል ይሞከራል፣ በአየር ቢጠፋ በመሬት ይፈለጋል። አልጋ ግን ከተማው ካለው በላይ አንድም አይጨምርም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። አልጋውን በስም ያስይዙ፣ ወዲያው መቀመጫውን ያስይዙ፣ መንገዱን ያጣሩ፤ ሁለቱ በቀንም በሰዓትም መገጣጠማቸውን ካዩ በኋላ በዚያው ዕለት ሁለቱንም ይክፈሉ። ስልክዎ ባትሪና ካርድ ካለው የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

1. ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ያስተካክሉ

ከተራ ጥር 10፣ ጥምቀት ጥር 11፣ ቃና ዘገሊላ ጥር 12 ነው። ጥር 11 በፈረንጅ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል። ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት በሚገባው ዓመት፣ ማለትም በዘመነ ዮሐንስ፣ ግን ጃንዋሪ 20 ይሆናል። ከውጭ የሚመጡ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ገና በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር በፈረንጁ ጃንዋሪ 7ን አይለቅም፤ «ጥምቀትም አይለቅም» ብሎ ትኬት የቆረጠ ሰው መመለሻውን አንድ ቀን ያስቀድማል። የ2019 ዓ.ም. ጥምቀት ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 2027 ነው። የ2020 ዓ.ም. ደግሞ ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 2028።

በዓሉ የሚውልበት ዕለት ፍለጋዎን ይለውጠዋል። ማክሰኞ ሲውል ሰው ቅዳሜና እሑድን ከከተራው ሰኞ ጋር አያይዞ ከዓርብ ጀምሮ ይገባል፤ ያኔ የዓርብና የቅዳሜ መቀመጫ ቶሎ ያልቃል። የእሑድ ማለዳውን ወይም የሐሙሱን ቀድመው ይሞክሩ።

ቀጥሎ ሰዓቱ። የአውሮፕላን ትኬት የሚታተመው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የባስ ትኬት ቆራጩ የሚጽፈው በእኛ። ትኬቱ ላይ 07:30 ካለ ከጠዋቱ 1:30 ነው፤ 13:00 ካለ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ 18:10 ካለ ከምሽቱ 12:10 ነው። «ከሌሊቱ 11 ሰዓት» የተባለ ባስ ሲቆርጡ ደግሞ የየትኛው ቀን ሌሊት እንደሆነ ሳይጠይቁ ከመስኮቱ አይነሱ። «ለጥር 9 አጥቢያ ነው?» ብለው ይጠይቁ። «የ9 ሌሊት» የሚለውን አንዱ ለ9 አጥቢያ ብሎ ይረዳዋል፣ ሌላው ለ10 አጥቢያ። «አጥቢያ» ከተባለ ግን ክርክር የለም።

2. ስንት ሌሊት እንደሚፈልጉ ይወስኑ

ከተቻለ ጥር 9 ገብቶ ጥር 13 መውጣት ነው፤ አራት ሌሊት። ብዙ ሰው ጥር 10 ገብቶ ጥር 12 ለመውጣት ስለሚሻማ ውድና ጭንቅ የሚሆኑት እነዚያ ሁለት ቀናት ናቸው። አንድ ቀን ቀድሞ መግባትና አንድ ቀን ዘግይቶ መውጣት የአልጋ ወጪ ይጨምራል፤ ግን መቀመጫ የማግኘት ዕድልን ከምንም ነገር በላይ ያሰፋል። ጥር 12 ደግሞ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት የሚገባበት ቀን ነውና ቢያድሩ ትርፍ እንጂ ኪሳራ የለውም።

ብዙዎች የማያስቡት ነገር አለ። ሁሉም የሚጣላበት የጥር 10 ሌሊት አልጋ፣ ብዙ ሰው የማይተኛበት አልጋ ነው። ታቦታቱ በአፄ ፋሲል መዋኛ ያድራሉ፤ ሕዝቡም ሲዘምርና ሲጸልይ አብሮ ያድራል፤ ቅዳሴው ሌሊት ይጀመርና ውኃው ማለዳ ይባረካል። ስለዚህ የ9ኙን እና የ11ኙን ሌሊት አልጋ አግኝተው የ10ሩን ካጡ ጉዞውን አይሰርዙ። ሻንጣዎን ሪሴፕሽን አስቀምጠው ጋቢዎን ይዘው ወደ መዋኛው ይውረዱ። ከሕፃን ወይም ከአዛውንት ጋር የሚጓዝ ሰው ግን ይህን አይሞክር፤ የጥር ሌሊት ጎንደር ላይ ይበርዳል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ነው፤ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ሹራብ ያስፈልጋል።

3. ብር ከመክፈልዎ በፊት መንገዱን ያጣሩ

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት መንገድ ድንገት ይዘጋል፣ የሰዓት እላፊ ይታወጃል፣ ኢንተርኔትም ይቋረጣል። ባለፈው ሳምንት ክፍት የነበረ መንገድ ለዚህ ሳምንት ማስረጃ አይሆንም። ሦስት ሰው ይጠይቁ፦ ጎንደር ውስጥ የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ፣ አልጋ የሚይዙበት ሆቴል፣ በመሬት የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ በዚያ መስመር የሚሠራ ሾፌር። የትኬት ሻጩን ብቻ አይመኑ፤ እሱ የሚያውቀው ባሱ መመደቡን ነው። ለሾፌሩ «መንገዱ ሰላም ነው?» ቢሉት «እግዚአብሔር ያውቃል» ሊልዎት ይችላል። «ትናንት ስንት መኪና አለፈ? የት የት አስቆሟችሁ? ስንት ሰዓት ገባችሁ?» ብለው ቢጠይቁት ግን መልሱ ራሱ ይነግርዎታል።

ከውጭ አገር ዜግነት ጋር የሚመጡ ሰዎች ሌላም የሚያዩት አለ። መንግሥታቸው ወደ አካባቢው እንዳይጓዙ መክሮ ከሆነ የጉዞ መድን ላይከፍል ይችላል። ውሉ ላይ ያንን አንቀጽ ፈልገው ያንብቡ።

መልሱ አጠራጣሪ ከሆነ በመሬት አይሂዱ። አየር ወይም ቤት፣ ሦስተኛ ምርጫ የለም።

4. አልጋ

በድረ ገጽ «ሞልቷል» የሚል ሆቴል በስልክ አልጋ ሊኖረው ይችላል፤ «ክፍት ነው» የሚለውም ሲደውሉለት ላይኖረው ይችላል። ሆቴሎቹ ለድረ ገጽ የሚሰጡት የክፍሎቻቸውን ጥቂቱን ነው። አስጎብኚ ድርጅቶች ደግሞ በጅምላ ይዘው የቆዩትን ክፍል ደንበኛ ካልሞላላቸው በመጨረሻው ሳምንት ይመልሳሉ። ለዘገየ ሰው ዋናው ቀዳዳ ይኸ ነው። ከረፋዱ 4 እስከ 5 ሰዓት ይደውሉ፤ የወጣው እንግዳ ወጥቶ፣ ያልመጣውም ታውቆ፣ መዝገቡ የጠራበት ሰዓት ነው። ዛሬ የሌለው ነገ ይኖራልና በየማግሥቱ ይድገሙት።

ሲደውሉ እንዲህ ይጀምሩ፦

— ጤና ይስጥልኝ እህቴ፣ ከጥር 9 እስከ 13 ለሁለት ሰው አልጋ ይኖራችኋል?

— ሞልቷል።

እዚህ ላይ ስልኩን አይዝጉ።

— አራቱም ሌሊት ነው የሞላው ወይስ አንዱ?

— የ10ሩ ነው የተያዘው። የ9ኙ አለ፣ የ11ም አለ።

— እንግዲያው የ9ኙን፣ የ11ዱንና የ12ቱን ያዢልኝ። በ10 ሻንጣዬን ብቻ አስቀምጬ እወጣለሁ። የሰረዘ ሰው ከተገኘ ደግሞ ደውይልኝ፣ ስልኬን መዝግቢው።

«ሞልቷል» ብዙ ጊዜ «የጠየቅከው በሙሉ አንድ ላይ አይገኝም» ማለት ነው። ቀኑን በታትነው ሲጠይቁ ነው አልጋው ብቅ የሚለው። ካስፈለገም በሁለት ሆቴል መከፋፈል ይቻላል።

ከዚያ ዋጋው። «4,000 ብር» ሲሉዎት ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ ገብቶበት እንደሆነ ይጠይቁ። 10 በመቶ ሰርቪስና በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታከል 4,000 ብር 5,060 ይሆናል፤ ለአራት ሌሊት ልዩነቱ ከአራት ሺህ ብር ያልፋል። ቁርስ እንዳለው፣ ውኃ ሲጠፋ ታንከር፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እንዳላቸው አብረው ይጠይቁ። ከተማው በእንግዳ በሚሞላበት ሳምንት ቅድሚያ የሚቸግረው ውኃ ነው።

ሰፈሩን በተመለከተ፣ ፒያሳና አካባቢው ተመራጭ ነው። የፋሲል ግቢ አጠገብ ነው፤ ከዚያ እስከ መዋኛው ያለውን 2 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር መውረድ ይቻላል። ከተራ ዕለት ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ስለማያልፍ በእግር መድረስ መቻል ትልቅ ነገር ነው። ከፍታው ላይ ያለው ጎሃ ሆቴል ከተማውን ቁልቁል ያሳያል፤ ግን ሌሊት ከመዋኛው ደክሞ የሚመለስ ሰው ዳገቱን ያስበው። ማራኪ በኩልም ፔንሲዮኖች አሉ። አዘዞ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ያለበት አቅጣጫ፣ አልጋ ዘግይቶ የሚያልቅበት ነው፤ ነገር ግን እዚያ የሚያድር ሰው ጥር 10 ከእኩለ ቀን በፊት ከተማ መግባት አለበት፣ ከዚያም እስከ ማግሥቱ ከሰዓት እመለሳለሁ ብሎ አይቁጠር። ባሕር ዳር አድሮ ለበዓሉ መመላለስ ግን አይሆንም፤ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ መንገዱ ሰላም ቢሆን እንኳ አንድ ጉዞ ሦስት ሰዓት ይወስዳል፣ የበዓሉ ዋና ክፍል ደግሞ ሌሊት ነው።

በቴሌግራም የክፍል ፎቶ እየለጠፉ «ለጥምቀት የቀሩ ሁለት ክፍሎች» የሚሉ ደላሎችን በተመለከተ፣ ሁሉም ሌባ አይደሉም፤ የሚለዩበት መንገድ ግን አንድ ነው። የሆቴሉን ስም ይጠይቁ፣ የሆቴሉን ስልክ ራስዎ ፈልገው ይደውሉ፣ በስምዎ መያዙን ይስሙ። «ስሙን ከከፈልክ በኋላ እነግርሃለሁ» ያለ ሰው ክፍል የለውም።

5. መቀመጫ

*በአየር።* ከአዲስ አበባ ጎንደር በረራው ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ሲፈልጉ ቤተሰቡን በሙሉ አንድ ላይ አያስገቡ። አየር መንገድ መቀመጫውን የሚሸጠው በዋጋ እርከን ከፋፍሎ ነው፤ በዝቅተኛው እርከን ሦስት መቀመጫ ቀርቶ እርስዎ ለአራት ከጠየቁ ሥርዓቱ አራቱንም ወደ ውዱ ይወስዳቸዋል። በአውሮፕላኑ የቀሩት ሦስት ብቻ ከሆኑ ደግሞ ጭራሽ «የለም» ይላል። መጀመሪያ ለአንድ ሰው፣ ከዚያ ለሁለት፣ ከዚያ ለሦስት ይሞክሩ። ዋጋው የሚዘልበት ቁጥር ላይ ሲደርሱ ቡድኑን በሁለት ትኬት ይከፋፍሉት።

ዛሬ «የለም» ያለ በረራ ነገ ሊኖረው ይችላል። ሰው ያስይዛል፣ ባለ ስድስት ሆሄ መለያ ኮድ ይሰጠዋል፣ እስከተባለው ሰዓት ካልከፈለ ሥርዓቱ ይሰርዝበትና መቀመጫው ወደ ገበያ ይመለሳል። ስለዚህ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ማለዳ፣ ከቀትር በኋላና ማታ ከመተኛትዎ በፊት ይፈትሹ። ይኸው ሕግ በእርስዎም ላይ ይሠራል፤ ኮዱን ሲቀበሉ የክፍያ ማብቂያውን ሰዓት ይመልከቱ፣ ወደ እኛ ሰዓት ይቀይሩት፣ ስልክዎ ላይ ደወል ይሙሉ። አንድ ሰው በአንድ ስም በሦስት በረራ ላይ ይዞ «አንዱ ይሳካል» ቢል ሥርዓቱ ድግግሞሹን አይቶ ሁሉንም ሊሰርዝበት ይችላል።

ስም ሲሞሉ በመታወቂያዎ ወይም በፓስፖርትዎ ላይ ያለውን የላቲን ፊደል አንድ በአንድ ይገልብጡ። «ተስፋዬ» በአምስት ዓይነት ይጻፋል፤ ትኬቱ ላይ ያለው ከመታወቂያው ጋር ካልገጠመ በር ላይ ይያዛሉ። የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ ደግሞ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይጽፋል፤ እርስዎ ሰነዱ ያለውን ይከተሉ።

ደርሶ መልስ ከቆረጡ አንድ ወጥመድ አለ። የመሄጃው በረራ አምልጦዎት «በባስ እደርሳለሁ፣ መመለሻው አለኝ» ቢሉ መመለሻው የለም። የመጀመሪያው ጉዞ ላይ ያልተገኘ መንገደኛ የቀረው ጉዞ አብሮ ይሰረዝበታል። እንደማይደርሱ ካወቁ በረራው ሳይነሳ በፊት በ6787 ደውለው ያስመዝግቡ። መሄጃዎ እርግጠኛ ካልሆነ ከመጀመሪያውም ሁለት የተለያየ የአንድ መንገድ ትኬት መቁረጥ ይሻላል፤ ትንሽ ቢወደድ እንኳ አንዱ ሲበላሽ ሌላውን ይዞት አይሄድም።

ከውጭ ለሚመጣ ሰው ግን ነገሩ ይገለበጣል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ የሚመጡት የጎንደሩን በረራ ከዋናው ትኬት ጋር በአንድ ላይ ይቁረጡት። የአገር ውስጡ ዋጋ ይቀንስልዎታል፤ ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ላይ በረራው ቢዘገይ ደግሞ በሚቀጥለው ላይ የሚያሳፍርዎት አየር መንገዱ ነው። ለየብቻ የቆረጠ ሰው ያመለጠው በራሱ ኪስ ነው። ቦሌ ላይ በኢሚግሬሽን ለማለፍና ወደ አገር ውስጥ ተርሚናል ለመድረስ ከሦስት ሰዓት በታች አያስቡ።

*በባሕር ዳር በኩል።* የጎንደር በረራ ካለቀ የባሕር ዳሩን ይዩ፤ ከዚያ በመኪና በወረታ በኩል ነው። ይህ የሚሠራው በ3ኛው ክፍል የተባለው ማጣራት ስለ ባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ ተደርጎ መልሱ ጥሩ ከሆነ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚደርስ በረራ አይቁረጡ፤ ሲመሽ መንገድ ላይ ያገኝዎታል።

*በባስ።* ከአዲስ አበባ በደጀንና በባሕር ዳር አድርጎ 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ክፍት ሲሆን ለአጥቢያው ተነስቶ የዓባይ በረሃን በጠዋት አቋርጦ ማታ ይገባል፤ ፍተሻ ከበዛ ግን መንገድ ላይ ማደር አለና የአንድ ሌሊት አልጋ ገንዘብ ለብቻ ይያዙ። ባስ ላይ የሚሄድ ሰው ጥር 8 ቢነሳ ይሻላል፣ ጥር 9 ግን የመጨረሻው ነው። ጥር 10 በባስ መነሳት ከተራን መንገድ ላይ ማክበር ነው። «በሌሊት እናስገባችኋለን» የሚሉ አባዱላዎችን ይተዉዋቸው፤ ሾፌሩ ሳይተኛ ሦስተኛ ምልልሱ ላይ ሊሆን ይችላል።

6. ክፍያ

አሁን አልጋውም መቀመጫውም በስም ተይዟል፣ መንገዱም ተጣርቷል። ጎን ለጎን አድርገው አንድ ጊዜ ያንብቧቸው፦ የመድረሻ ቀን ከአልጋው የመጀመሪያ ሌሊት፣ የመውጫ ቀን ከመጨረሻው ሌሊት ማግሥት ጋር ይገጥማል? ከገጠመ ይክፈሉ። ትኬቱ ይቅደም፣ ሰዓት የሚቆጥረው እሱ ነውና፤ ቀጥሎ ያለ እረፍት አልጋውን።

ለሆቴል ሲልኩ የባንኩ መተግበሪያ የሂሳቡን ባለቤት ስም ከማረጋገጫው በፊት ያሳይዎታል። የሆቴሉ የንግድ ስም ከሆነ መልካም። የግለሰብ ስም ከሆነ ይቁሙ። ትንንሽ ፔንሲዮኖች በባለቤቱ የግል ሂሳብ መቀበላቸው እውነት ነው፤ ያኔ የአንድ ሌሊት ብቻ ከፍለው ቀሪውን ሲደርሱ ይክፈሉ። ከዚያ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይህን ይላኩና መልስ ያስጽፉ፦ ስም፣ ቀናት፣ የክፍል ዓይነት፣ የተከፈለው ብር፣ «መንገድ ቢዘጋ ወይም በረራ ቢሰረዝ ቅድመ ክፍያው ይመለሳል?» የሚለው ጥያቄ። በቃል «ችግር የለም» ያለ ሪሴፕሽን ጥር 10 ማታ ፈረቃው ላይኖር ይችላል። ጽሑፉ ግን ይኖራል።

7. ይዘው የሚሄዱት

ጥሬ ብር ከሁሉ ይቅደም። ባንኮች በበዓሉ ዝግ ናቸው፣ ኤቲኤም ይደርቃል። ለአራት ቀን ምግብና ትራንስፖርት የሚበቃ፣ በዚያም ላይ ለአንድ ተጨማሪ ሌሊት። ቴሌብር ያለ ኢንተርኔትም በ*127# ስለሚሠራ የይለፍ ቁጥርዎን ከመሄድዎ በፊት ይሞክሩት። ትኬቱን፣ የሆቴሉን መልእክትና የስልክ ቁጥሮቹን ፎቶ አንስተው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ፤ ስልክ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይም ይጻፉ። መዋኛው አካባቢ ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ የመገናኛ ቦታና ሰዓት አስቀድመው ይቃጠሩ።

ነጭ ልብስና ነጠላ፣ ለሌሊቱ ጋቢ፣ ድንጋይ ላይ የማያንሸራትት ጫማ፣ ውኃ ውስጥ ሊገቡ ካሰቡ ቅያሪ ልብስና ለስልክ የላስቲክ ከረጢት። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለው እውነት ነው፤ አዲሱን ቀሚስ ግን ለከተራ ሰልፍ እንጂ ለማለዳው ውኃ አይልበሱት።

ጥር 10 ገሃድ ነው፣ ይጾማል። ምግብ ቤቶች የሚያቀርቡት በአብዛኛው የጾም ነው። ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል እንኳ ይበላል፤ ገሃዱ የተሠራው ለዚያ ነውና።

8. በቦታው

ጥር 10 ከእኩለ ቀን በፊት ይብሉ፣ ከዚያ ታቦታቱ የሚያልፉበት መንገድ ላይ ይቁሙ። ከታቦቱ ፊት ለፊት ለመሄድ አይሞክሩ፤ ምንጣፍ የሚያነጥፉና የሚጠቀልሉ ወጣቶች እየሮጡ ስለሆነ ይገፈተራሉ። ከኋላ ተከትሎ መውረድ ይሻላል።

መዋኛው ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው፤ ለበዓሉ ከቀሃ ወንዝ ውኃ ይሞላል። መሐሉ ላይ በምሰሶ የቆመ ሕንፃ አለ። የዙሪያውን ግንብ የዛፍ ሥር እንደ ጣት አንቆ ይዞታል፤ አንዳንዱ ሥር ከሰው ወገብ ይወፍራል። ፎቶ ለማንሳት በእነዚያ ሥሮች ላይ የሚወጡ ብዙ ናቸው፣ ሌሊት በጤዛ ሲርስ ያንሸራትታል። ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ስለሚፈተሽ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ የሚመጣ ጥሩ ቦታ አያገኝም።

ከፍ ያለ የእንጨት መቀመጫ ላይ ቦታ ቢሰጥዎት፣ በገንዘብም ሆነ በነፃ፣ ይጠንቀቁ። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ማለዳ እዚያው መዋኛ ዳር የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ 10 ሰዎች ሞተዋል፣ ብዙዎችም ቆስለዋል። ሲረግጡት የሚወዛወዝ፣ ሰው ደረጃው ላይ ጭምር የቆመበት ከሆነ ይውረዱ። ከመሬት ያነሰ ይታያል፤ ይሁን።

ውኃው ተባርኮ ሲረጭ ወጣቱ ከግንቡ ይዘላል። ከዘላዮቹ ሥር አይቁሙ። ጸበሉ ለሁሉም ይዳረሳል።

9. መመለሻ፣ እና ካልሆነ

ጥር 11 ከሰዓት በረራ ያለው ሰው ታቦታቱ ወደየደብራቸው ሲመለሱ መንገዱ እንደሚዘጋ ያስላ። ከፒያሳ አዘዞ በሌላው ቀን አጭር መንገድ ነው፤ በዚያ ቀን ግን ከበረራው አምስት ሰዓት ቀድመው ካልተነሱ አይተማመኑበት። ከመነሳትዎ በፊት በረራው አለመሰረዙን በስልክ ያጣሩ።

እስከ ጥር 8 ማታ አልጋም መቀመጫም ካልተገኘ ወይም መንገዱ ካላማረ፣ ገንዘቡን አያባክኑ። አዲስ አበባ ጃን ሜዳ አልጋ አያስፈልገውም፤ ከተራ ዕለት ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት በእግር ከአራት ኪሎ ወይም ከስድስት ኪሎ መግባት ይቻላል፣ መኪና ግን ይዘው አይሂዱ። ከከተማ መውጣት ከፈለጉ ደግሞ ባቱ አለ። ከአዲስ አበባ በሞጆ በኩል 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ታቦታቱ በደንበል ሐይቅ ላይ በጀልባ ይሄዳሉ። እዚያም አልጋው ቀድሞ ያልቃልና ከቤት ሳይወጡ ይደውሉ፤ ሪሴፕሽኗ «ሞልቷል» ካለችም የትኛው ሌሊት እንደሆነ ይጠይቋት።